የእድሩ ይለፍ ቃል

አባትየው የይለፍ ቃሉን እንደገና መታ፤ ኮምፒውተሩም እንደገና አልቀበልም አለው። ራሱ የቆለፈውን የእድሩን የአባላት መዝገብ መክፈት ካቃተው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሰፈሩም "ጸሐፊያችን ጃጀ" ማለት ጀምሯል። ዛሬ የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውገ ማኅተሙን ሊረከቡ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል።

"አባዬ፣ በቃ ስጣቸውና እረፍ" አለች ልጅቱ። ሥራ ውላ መጥታ ዓይኗ ሊከደን ደርሷል።

"ቃሉን አውቀዋለሁ እኮ! ጣቴ ራሱ ያውቀዋል።"

"እሺ፣ ታውቀዋለህ። እስቲ ተነሥልኝ።"

ለወጉ ያህል ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረውት የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አየች። የዛሬ ሦስት ሳምንት "ተንቀራፈፈብኝ" ቢላት፣ አብዛኞቹን እንዳይነሱ ያደረገችው እሷው ነበረች። ከእነሱ መካከል የአማርኛ መጻፊያው አለ።

አባቷ የይለፍ ቃሉን የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ትክክለኛዎቹን ቁልፎች በመታ ቁጥር ማሽኑ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲያስገባለት ከርሟል። ሳጥኑ ላይ ከኮከብ በቀር የሚታይ ስለሌለ፣ ኮምፒውተሩንም ከመዝገቡ ውጪ ለሌላ ጉዳይ ስለማይነካው፣ ማንም አልነቃም።

መጻፊያውን አስነሣችና "እስቲ ሞክር" አለችው።

መዝገቡ ተከፈተ።

"ተከፈተ! ምን አድርገሽው ነው?"

ሳሎን ውስጥ አቶ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔማ ምን አደረግሁ" አለች፤ "ዛሬ ገና በትክክል ጻፍከው።"

አባትየው ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣ።

"እንግዲያው እውነታቸውን ነው፤ ጃጅቻለሁ" አለና ማኅተሙን ይዞ ወደ ሳሎን ወጣ።