ተንሸራታ ሄደች

«ተንሸራታ ሄደች ማለት ምን ማለት ነው?»

ምሥራቅ መልሱን ታውቀዋለች።

አያ ያርጋል ከዳባት በሚኒባስ የመጡት ለዚሁ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ደባርቅ ላይ ቋንቋ የምታስተምር ልጅ አለች ብለዋቸው። ልጃቸው ስጦታ አየርላንድ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። ዛሬ ጠዋት አብራት ከምትኖር ፈረንጅ ጓደኛዋ መልእክት ገባ፤ የስልኩ መተርጎሚያ ወደ አማርኛ ገለበጠላቸው። ስጦታ በጥርሷና በጥፍሯ ተዋግታ ነበር፤ ሌሊት ላይ ተንሸራታ ሄደች፣ ይላል።

ከማን ጋር ተጣልታ እንደሆነ ጠየቁ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። እሷ እንደሆነች ድሮም ነካሽ ነበረች። ያገሩ መሬትስ በረዶ ይሆን፣ ያንሸራተታት?

ምሥራቅ እንግሊዝኛውን ደግማ አነበበችው። በጥርስና በጥፍር መዋጋት እስከ መጨረሻው መታገል ነው፤ ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስረድታለች። ሁለተኛውን አላስተማረችም።

የራሷን አባት ሞት የነገራት አንድ ሐኪም ነበር፤ እንግሊዝ አገር፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ በስልክ። አመሰገነችውና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እዚህ መርዶ እንዲያ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ይንኳኳል። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልለየላትም። ብቻ እኚህ ሰው በቀትር፣ ብቻቸውን፣ የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መስማት የለባቸውም።

«እንግሊዝኛው ከበድ ይላል» አለች። «ዳባት ድረስ አብሬዎ ልሂድ። ወንድም ወይም ቅርብ ዘመድ እቤት አለዎት?»

ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። አያ ያርጋልም በዕድሜያቸው ብዙ ደጅ በጎህ አንኳኩተዋል። ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ጠዋት ነው የምትነግሩኝ?»

ምሥራቅ መጻሕፍቷን መሰብሰብ ጀመረች።

«ይሁን። እስከዚያ እኔም አላውቅም።»

ስልኩን ዘረጉላት።

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፣ ልጄ። አጠገቧ ውኃ የሚያቀምሳት ሰው ነበረ?»

ምሥራቅ ፈሊጥ የሌለበት እንግሊዝኛ ፈለገች። ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን እንደሚጽፈው አድርጋ ጻፈችው፤ ላከችው።

ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን መሀላቸው፣ መቀመጫው ላይ አኖሩት፤ መስተዋቱን ወደ ላይ አድርገው። ሁለቱም በመስኮት በኩል የገብሱን ማሳ ያዩ ነበር። ምሥራቅ ምንም አልተሰማትም፤ በዚያን ጊዜው አውቶቡስ ላይ እንደነበረው።

ነግቶ ደጃቸው ሲንኳኳ ስልኩ እጃቸው ውስጥ ነበር። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።