ግድግዳው የማይሰማበት ሰዓት

ለቤቶች ሁሉ የሚናገር ግድግዳ ከተበጀ ወዲህ፣ በሆሳዕና ከተማ የክረምቱ የሒሳብ ምርምር ሥልጠና ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው የሚሠራው። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲደበደብ ግድግዳው አይሰማም እኮ! ዝናቡ ጋብ ሲል ግን የሰማውን ጥያቄ ሁሉ ወዲያው ይመልሳል፤ እሱ የመለሰው ጥያቄ ደግሞ ለሥልጠናው አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ገና ያልተመለሰ የራሱ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ባለፈው ሳምንት የሠልጣኟ የትርሲት ጓደኛ በእንቅልፍ ልቡ ጥያቄውን አወራና ጠዋት ከሥልጠናው ተሰናበተ።

ትርሲት የራሷን አታስነጥቅም። ሰማዩ ሲጠቁር ጠመኔዋን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆመች።

"ደህና ነሽ ልጄ?" አለች እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች።

"ደህና ናት፤ እንቅልፍ ብቻ ጎድሏታል" አለ ግድግዳው።

እናቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ስንት ዓመቷ፣ ልጇን ጠይቃ ከልጇ አፍ መልስ ከሰማች!

ዝናቡ ወረደ። ትርሲት እየጮኸች ከጥያቄዋ ጋር ትሟገት ጀመር። በሩ ላይ ጻፈች፣ በክንዷ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ይኼኔ እናቷ ቢላዋውን አስቀምጣ መጣችና ጆሮዋ ሥር ጮኸች፦ "ደህና ነሽ ወይ?"

ትርሲት እንደ ልማዷ ግድግዳው እስኪመልስ ጠበቀች። ግድግዳው አልሰማም። እናቷ ዓይን ዓይኗን ታያለች።

"እኔ እንጃ፣ እማዬ" አለች በመጨረሻ። "አስቤበት አላውቅም።"

እናቷ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"አስቢበት እንግዲህ። ዝናቡ እንደሆነ ገና ነው።"