የማይናገር ሲኒ

«ይኼ ደግሞ ዓሣ ሳይዝ የተመለሰ መረብ ነው?» አሉ ወይዘሮ ቶማ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን በእጅ የተቋጠረ የጥጥ ገመድ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ።

«የግድግዳ ጌጥ ነው፣ እማማ» አለች ቪብኬ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ዳቦ ቤት ስትቆም ስለዋለች እግሯ አብጦ ጫማው ጠቧታል፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ቀርቷል።

«እንግዲያው ይጻፍ» አሉ አማቷ። ባለ ሱቋ ቴዳ በእርሳስ ጻፈች።

ከገቡ ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሸምበቆ የተጎነጎነው የመብራት ክዳን ሲወርድላቸው ወይዘሮ ቶማ የንብ ቀፎ ነው አሉ፤ ቀጥለውም ይጻፍ አሉ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሠራው ምንጣፍ ሲዘረጋ በእኛ ዘመን ውሻ ነበር የሚተኛበት አሉ፤ እሱም ተጻፈ። ቴዳ ልታስታርቅ ፈልጋ፣ ይኼ ቦሄሚያን የሚሉት የቤት ማስጌጫ ስልት ነው፣ ሁሉም የእጅ ሥራ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ባይገጥም ነው ውበቱ ብላ አስረዳች። ወይዘሮ ቶማ፣ የማይገጥም ነገርማ በቤታችንም ሞልቷል አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የሠርጉ ስጦታ ዝርዝር ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት ቴዳ በመስኮቱ አጠገብ የሠርግ ጠረጴዛ ትዘረጋለች። የተመረጠውን ዕቃ ትደረድርበትና የሙሽሮቹን ስም ታኖርበታለች፤ የተጠራው ሰው ሁሉ እየመጣ የሚሰጠውን ከዚያ ላይ ያነሣል። ሙሽራው ኤኖ፣ እናንተ የወደዳችሁትን ብሎ የባሕሩን ግድብ ሊጠግን ሄዷል።

ቪብኬና ኤኖ በእናቱ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ዓመት ኖረዋል። የምትተኛበት አልጋ የወይዘሮ ቶማ ነው፤ መጋረጃውም፣ ድስቱም፣ እግር መጥረጊያውም የእሳቸው ነው። አሁን ግን በአገሩ ልማድ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ኩሽናውና ገበታው የምራት ይሆናል። ወይዘሮ ቶማ ሲኒዎቻቸውን ጠቅልለው ለሴት ልጃቸው ልከዋል፤ ከእንግዲህ ሻይ የሚጠጡት ምራታቸው በመረጠችው ሲኒ ነው።

ቪብኬ ደግሞ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ አብልጣ የፈለገችው ሲኒዎቹን ነበር። ስድስት ናቸው፤ ከወፍራም ቡናማ ሸክላ የተሠሩ፣ የሠሪው አውራ ጣት ጎናቸው ላይ ታትሞ የቀረ። አንዱን አነሣችው። ለደከመ እጅ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

«ይኼስ አይሆንም» አሉ ወይዘሮ ቶማ። በዚያ ከሰዓት በኋላ እንቢ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። «ይኼ አይናገርም።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ቪብኬ ገባት። በእነሱ አገር ሻይ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ጠጠር ስኳር ሲኒው ውስጥ ይገባል። ትኩሱ ሻይ ሲወርድበት ስኳሩ ይሰነጠቃል፤ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ የተጣላ ሰው እንኳ አፉን ይዘጋል።

ለመከራከር አቅሙ ስላልነበራት፣ እንሞክረው አለች። ቴዳ ከጓዳ የሻይ በራዷን አመጣች። ለሁለቱ በሸክላው፣ ለራሷ ጠርዙ በተሸረፈ ስስ የድሮ ሲኒዋ ስኳር ጣል ጣል አደረገችና ቀዳች።

ሦስቱም አቀረቀሩ። ወይዘሮ ቶማ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ሲኒው አዘነበሉ። ሸክላው ሙቀቱን ዋጠ፤ ድምፁንም አብሮ ዋጠው። ከዚያ ቴዳ ሲኒ ውስጥ ያለው ስኳር ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ቴዳ በለቅሶ ቤት እንደ ሳቀ ሰው አፍራ ሲኒዋን በመዳፏ ከደነችው።

ቪብኬ ተረቡ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«የኤኖ አባት ከሞተ ወዲህ» አሉ ወይዘሮ ቶማ፣ ሲኒውን እያዩ፣ «ሻዬን ብቻዬን ነው የምቀዳው። አንቺ በዚያን ሰዓት ተኝተሻል። ደክሞሽ ነው፣ አልፈርድብሽም። ቤቱ ውስጥ የሚመልስልኝ እሱ ስኳሩ ነው።» ወደ ቴዳ ዞሩ። «ግን ገበታው የእሷ ነው። ጻፊው። ስድስት።»

ሻያቸውን በሁለት ጉንጭ ጨረሱና ማንኪያቸውን ሲኒው ውስጥ አቆሙት።

የቴዳ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቀረ። እንግዳ ሦስት ሲኒ ሳይጠጣ አይነሣም፤ ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ የከተተ ሰው በቃኝ፣ አትቅዱልኝ ማለቱ ነው። ወይዘሮ ቶማ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ከአንደኛው ሲኒ ላይ ሲነሡ ታይተው አያውቁም።

ሲኒዎቹ የቪብኬ ሆነዋል። ደስታውን በውስጧ ፈለገችው፤ ያገኘችው ከዳቦ ቤቱ ይዛው የመጣችውን ድካም ነው። ቀና ስትል ያው ድካም ከፊት ለፊቷ፣ በአማቷ መልክ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ ለመሄድ ተነሥቶ አየችው።

«አምስት ይበሉት፣ እትዬ ቴዳ» አለች። «ስድስተኛው እንደ እርስዎ ሲኒ ስስ ይሁን።»

ቴዳ ግራ ገባት። ከአምስት ወፍራም መሐል አንድ ስስ ቢቀመጥ ሰው ባለ ሱቋ ተሳስታለች ይላል አለች።

«ይበል።»

ወይዘሮ ቶማ የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ቆሙ። ቪብኬ እጇን ዘርግታ ማንኪያውን ከአማቷ ሲኒ አወጣች፤ በሽርጧ ጫፍ ጠረገችውና ከሲኒው ጎን፣ ማስቀመጫው ላይ፣ በቀስታ አጋደመችው። ቴዳ እርሳሷን ትታ በራዱን አነሣች።