የተቀቀለው የጆሮ መድፈኛ

«ምነው አኮረፍሽኝ?» አለችኝ እማዬ። እኔ ግን ላገባ መሆኔን ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኳት ነበር።

የከተማው ጩኸት ጆሮ ማድማት ከጀመረ ወዲህ ቤት ውስጥም መድፈኛ አናወልቅም። መድፈኛው የሚያሳልፈው የተቀዱለትን ድምፆች ብቻ ነው። እማዬ የራሷን በለብታ ውሃ ማጠብ ሲገባት፣ ይጽዳልኝ ብላ ቀቅላው ኖሯል። የእኔ ድምፅ ጠፍቶባታል።

ባለሙያው በጆሮዋ ልክ አዲስ ሠራላትና ሁለት ቅጂዎች አሰማት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የተቀዳውንና የዛሬውን። «ከእንግዲህ ልጅዎ የምትናገረውን ሁሉ በመረጡት ድምፅ ይሰሙታል» ብሎ ጽፎ አሳያት።

«ልጄማ ይቺ ናት!» አለች፣ የልጅነቴን ድምፅ መርጣ።

ልከልክላት ወይስ ልተዋት ግራ እንደገባኝ ሒሳቡን ከፈልኩ።

ቤት ስንገባ ላገባ መሆኔን ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀችና «ሂጂ፣ እግርሽን ታጠቢ» አለችኝ።