ሲደርቅ ይጠቁራል

ደመላሽ የሳሎኑን ግድግዳ ቀብቶ ሲጨርስ፣ ናዝራዊት ለከሰዓት ሺፍቷ ለባብሳ ወጣችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ይሄ ነው እኔ የመረጥኩት?» አለች የናሙና ካርዷን ከግድግዳው ጋር እያስተያየች። «እኔ ጥቁር ሰማያዊ አልኩ፤ አንተ የሕፃን ክፍል አስመሰልከው!»

«እርጥብ ስለሆነ ነው የፈዘዘው። ሲደርቅ ይጠቁራል» አላት። «ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ነይና አስተያዪው።»

እሷም ሳታምነው ወጣች። ደመላሽ እንዲህ ያለውን ነገር ለምዶታል። እርጥብ ቀለም አይቶ የማይደነግጥ ደንበኛ ገና አልገጠመውም።

ይህን ሥራ ያስገኙለት የናዝራዊት እናት፣ እትዬ ያለምዘውድ ናቸው። ልጃቸውና አማቻቸው ታዴዎስ ጴንጤዎች ሲሆኑ፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ማተባቸውን አልበጠሱም። የሚኖሩበት የከተማ ዳርቻ ሰፈር፣ ታርኔት፣ ደግሞ መኪና ለማይነዳ አሮጊት ከእስር ቤት አይሻልም። ስለዚህ ደመላሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ጎራ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ለጉልበታቸውም ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣላቸዋል። በዚህ ጉዳይ ከልጃቸው ጋር ላለመጨቃጨቅ ሲሉ ጠርሙሷን ከአልጋቸው ሥር ነው የሚያስቀምጧት።

ታዴዎስ ያሰበው ሌላ ቀቢ ነበር፤ የራሳቸውን ጉባኤ ልጅ። አማቱን እምቢ ማለት ቸግሮት እንጂ፣ ደመላሽን ሲያይ ፊቱ አይፈታም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጉባኤው ሽማግሌዎች አዲሱን ቤት ሊመርቁ ይመጣሉ። ግድግዳውን ከወደዱት የአዳራሻቸውን ቅብ ለደመላሽ ሊሰጡት ነው። ደመላሽ ደግሞ ችኩል ነው። እስካሁን ይሠራበት ለነበረው የዶሮ ፋብሪካ አለቃ «በቃኝ» ብሎ የሥራ ጫማውን ሳይቀር አስረክቧል።

በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ ቀለሙ እንዳለው ጠቁሯል፤ ልክ የካርዱን መልክ ይዟል። ግን መሃል ለመሃል ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል። ከነጠብጣቦቹም ወደ ታች መስመር መስመር ወርዷል፤ ሲያለቅስ ያደረ ፊት ይመስላል።

«ቀለሙን በውሃ አቅጥነኸዋል» አለ ታዴዎስ።

«ኧረ ጠብታ አልጨመርኩም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ደመላሽ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየ፤ ደረቅ ነው። ደግሞስ ከጣሪያ የሚፈስ ቢሆን ከላይ ይጀምር ነበር፤ ይሄ የጀመረው ከመሃል ነው። ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደገና ቀባው። ሲነጋ ያው ሆኖ አገኘው።

ናዝራዊት ካርዷን ግድግዳው ሥር ጥላ ወጣች። አጠገቡ መጥተው የቆሙት እትዬ ያለምዘውድ ብቻ ናቸው።

«ዓይን ነው ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «እጅህ ያማረ ነው፤ የሰው ዓይን አልለቅ ብሎህ ነው።»

ደመላሽ በዓይን ብዙም አያምንም። በሰው እጅ ግን ያምናል። ማታ ከባቡር ወርዶ መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? ታዴዎስ። ሌላ ቀቢ የፈለገውስ? ታዴዎስ። በር ላይ የተቀመጠውን የታዴዎስን ጫማ አየና ተናደደ። ግን የሰውን ቤት ገብቶ ባለቤቱን እንዴት ይከሳል?

ለሦስተኛ ጊዜ ቀብቶ ሲጨርስ እትዬ ያለምዘውድን ለመናቸው።

«እትዬ፣ አደራዎን። እስኪደርቅ ማንም እንዳይጠጋው። በተለይ…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

«ገብቶኛል። እኔ እያለሁለት! ካጠገቡ ንቅንቅ አልልም።»

ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳው ከቀደሙት ሁሉ ብሶ ጠበቀው። ደመላሽ የቀለም ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ።

«ማን ነካው እትዬ?»

«የማንም እጅ አላረፈበትም። ታዴዎስም ገብቶ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ነው ያለፈ። ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው የደረቀው።» አነጋገራቸው የእውነት ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አየና፣ መቀቢያ ሮለሬ ፈናጥቆባቸው ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ታዴዎስ «ነገም እንዲህ ሆኖ ካደረ አዳራሹን እርሳው» አለና ናዝራዊትን ይዞ ለእንግዶቹ የሚሆን ነገር ሊገዛ ጎረቤት ሰፈር ወዳለው የሆፐርስ ክሮሲንግ ገበያ ነዳ። «ማታ እንመጣለን።»

መኪናው ከመንገዱ ሲታጠፍ ደመላሽ ተነፈሰ። ቤቱ ውስጥ ከእሱና ከእትዬ ያለምዘውድ በቀር ማንም የለም። ታዴዎስ እስኪመለስ ቀለሙ ደርቆ ያልቃል። ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጥ፣ ያለ አንዳች እንከን ቀባው። ግድግዳው ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። ሲደርቅ ይጠቁራል፣ አለ በልቡ።

እትዬ ያለምዘውድን ካጠገቡ አስቀምጦ፣ ሮለሩን ሊያጥብ ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ወጣ። አጥቦ፣ መሰላሉን መኪናው ላይ ጭኖ፣ ገመዱን ሲያስር ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። እትዬ ያለምዘውድ ጉልበታቸውን እየደገፉ፣ ፈገግ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ ነገ ከቅዳሴ ስትመለስ ይቺን ሙላልኝ» አሉ ባዶዋን ጠርሙስ እያቀበሉት፤ «አንተ ቀብተህ በወጣህ ቁጥር ግድግዳህ ላይ ስረጭልህ ሰንብቼ፣ ዛሬማ ጠብታ አላስቀረሁም።»