ወንበሬና እኔ

ሰው ከወንበር በምን ይለያል? የልጅ ልጄ ኤልዳና ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠች ይህን ጠየቀችኝ።

እናቷ፣ ብቸኛዋ ልጄ፣ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ዛሬ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች። ኤልዳና ከዚያ በፊት ልትደርስላት ይገባል። በአዲሱ ደንብ ግን በሩንና መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር በቤቱ ያለውን ሰውና ዕቃ ሁሉ ይስላል፤ ሥዕሉ ስህተት ካለበት በሩ አይከፈትም። በሥዕሉ ላይ ደግሞ እኔና ወንበሬ ተጣብቀን አንድ ቀይ እብጠት ሆነናል።

«እማማ፣ እስቲ እጅሽን አንሺ።»

አነሳሁ። ሥዕሉን እያዞረች ከላይም ከጎንም አየችው።

«አሁን ደግሞ ወንበሩ እጅ አወጣ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ።

ደግፋ ልታነሳኝ ሞከረች፤ ጉልበቴ እምቢ አለ።

«ምንድን ነው የሚልሽ?» አልኳት።

«‹ሰው ነው ወይስ ዕቃ?› ይላል። ሰው ካልኩት እንደ አዲስ ይስለናል፤ እስከ ማታ ይቆያል። ዕቃ ካልኩት አሁኑኑ ይከፈታል። ግን ለዕቃ መብራት አይበራም፤ ብትጣሪም ቤቱ አይሰማሽም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዕቃ በይኝ።»

«እማማ!»

«ውሃ አጠገቤ አስቀምጪልኝ፤ ጋቢዬንም አምጪ። እናትሽ ብቻዋን እንዳትገባ። ሹራብ ለብሰሻል?»

ውሃውን አጠገቤ አስቀምጣ ጋቢውን አለበሰችኝ። ከዚያ ‹ዕቃ› የሚለውን ተጫነች። ቀዩ ጠፋ፤ መብራቱም አብሮት ጠፋ። መስኮቶቹ ሰው እንደሌለበት ቤት ራሳቸውን ዘጉ፣ በሩም ተከፈተ። ኤልዳና ዞር ብላ አየችኝና ወጣች።