ማደንዘዣው ሳይለቅ

«አሁንስ? ትንሽ እንኳ አያምሽም?» አላት ባሏ።

«ኧረ ምንም! ሰው እንዴት ሚስቱን እንዲያማት ይለምናል?» ብላ ሳቀች።

የሐሞት ከረጢቷ የወጣው ጠዋት፣ ሆዷ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ሐኪሙ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ማደንዘዣ ስለወጓት ሕመም የሚባል አልተሰማትም። «ጎበዝ! ከሰዓት ቤትሽ ትገቢያለሽ» ብለዋት ወጡ።

ባልየው ተከትሏቸው ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው።

«ዶክተር፣ እባክዎ እስከ ነገ ያቆዩልኝ።»

«ምንም ሳያማት? አልጋ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ እኮ።»

«እናቷ ዛሬ ጠዋት አረፉ። በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ቁስሏ ሳይደርቅ እንዴት አድርጌ ላርዳት?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሚስቱ ልብሷን ለባብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ቶሎ እንሂድ። እማዬ ስለኔ ስትጨነቅ ነው የዋለችው» አለችው።

ልትጠይቃት የመጣችው ታናሽ እህቷ ጫማ ልታደርግላት ጎንበስ አለች። ጉንፋን ይዞኛል ብላ ከገባች ጀምሮ ቀና ብላ አላየቻትም። ስታጎነብስ የረጅሙ ቀይ ካፖርቷ ቁልፍ ተፈታ። ከውስጥ ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

ሚስትየው ጥቁሩን አየችው። ከዚያ እግሯን ከጫማው አውጥታ ተመልሳ ተኛች፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አንገቷ ሳበችው።

«ዶክተሩን ጥራልኝ» አለችው ባሏን። «አሟታል በላቸው። ዛሬ ቤት አልሄድም።»